ሞተሩ ያንተ፣ እግሩ የጋሼ ይግዛው

አባዬ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ስለ አንተ አሰነባበት የሚነግሩኝ ሰዎች ወሬያቸው እርስ በርሱ አይገጥምም። የንስሐ አባታችን «በለምለም ቦታ አርፏል» ይላሉ። አክስቴ ደግሞ «ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ተረጋግቶ ተቀምጦ በሕልሜ አየሁት» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አዳርሳለች። አንተ ነጭ ለብሰህ? ግራሶ ያልነካው አንድ ሸሚዝ ያልነበረህ ሰው? ተረጋግተህ መቀመጥህስ? ሕልሟን ጠርጥሬዋለሁ። የአንተን ትክክለኛ ወሬ የሚነግረኝ እስካገኝ ድረስ እኔ የወረታን ልንገርህ።

ከተለየኸን ዓመት ሞልቶ ትንሽ ተርፎታል። ሙት ዓመትህ ተዘክሯል። እማዬ ጥቁር ቀሚሷን አውልቃለች፤ ሻሿን ግን እምቢ ብላለች። የትንሹ ወንድሜ የፊት ጥርሶች ወልቀው አዲስ በቅለውለታል። ሲስቅ ቁርጥ አንተን ስለሆነ ፊቴን አዞራለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እንዳያመልጠኝ ቶሎ መልሼ አያለሁ። ዝናቡ ዘንድሮ ቸኩሏል። የቁሐር ሚካኤል መንገድ የዋልካው ጭቃ ከአሁኑ ጎማ መያዝ ጀምሯል።

ከሁሉ የጎደለብኝ ግን አብሮኝ የሚያማ ሰው ነው። ሩዝ ወፍጮ ቤት አራግፈን ስንመለስ ጋቢና ውስጥ የምናደርገውን ታስታውሳለህ? አንተ የጋሼ ይግዛውን ሳል ታስላለህ፣ እኔ የሽማግሌውን፣ ጆሮ የከበዳቸውን የአባ ታፈረን «ኧ? ምን አልሽ?» እላለሁ፤ እስከ ቤታችን በር እንስቃለን። ጋሼ ይግዛው ታላቅ ወንድምህ ናቸውና ፊት ለፊት ሲመጡ ብድግ ብለህ ወንበር ትለቅላቸው ነበር። ዞር ሲሉ ደግሞ በአንድ ዓይንህ ትጠቅሰኛለህ። አሁን ስለ እሳቸው ብዙ ወሬ ተጠራቅሞብኛል። ለእማዬ እንዳላወራ «አጎትሽን አትሚ» ትላለች፤ ትንሹ ሄዶ ይናገራል። ስለዚህ አንተው ስማኝ።

ነገሩ የመኪናህ ነገር ነው።

በተዝካርህ ቀን ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ፒካፗ የልጆቹ ናት፣ እስኪያድጉ አትሸጥም፣ ይግዛው እየነዳ ቤቱን ይርዳ» ብለው ወሰኑ። እኔ ያን ቀን እንኳን ልጠራጠር፣ ማን ምን እንዳለም በደንብ አልሰማሁም። ጋሼ ይግዛው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበሩ። ይነዳሉ፣ ያመጣሉ፣ ማታ መኪናዋን ከግቢያችን ያቆማሉ፣ ቁልፉን ለእማዬ በሁለት እጃቸው ይሰጣሉ።

ሩዝ ተወቅቶ ሲያልቅ ግን ሆዳቸው ሰፋ። ከቁሐር ሲመጡ ጆንያ በጆንያ ላይ ከመከመራቸው የተነሣ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ነበር አሉ። ዋልካው ላይ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው አክስል ጥርሱ ተሰበረ። አስጎትተው ወረታ ጋራዥ ሲያስገቧት ጋሼ ይግዛው «ዓይን ነው! ሰው ዓይኑን ጥሎባት ነው!» ብለው ማሉ። ሰይድ፣ ያንተው መካኒክ፣ ከሥር ተኝቶ አየና «ጋሼ፣ ዓይን አይደለም፣ ሩዝ ነው» አላቸው። እስከ ዛሬ ያሳቀኝ የሰይድ ቀልድ ያ ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ራሱ ይስቅበታል።

ከዚያ ጋሼ ይግዛው ባሕር ዳር ሄደው ሰነበቱና በጭነት መኪና ሁለት አክስል አስጭነው ከተፍ አሉ። አንዱ የፊት፣ አንዱ የኋላ። ከተገለበጠች አዲስ ሞዴል ፒካፕ የተፈታ ነው አሉ። መንደሩ ሊያይ ጋራዡ በር ላይ ተሰበሰበ። አባዬ፣ ብታይ ያን ቀን በሳቅ ትሞት ነበር፤ ይቅርታ፣ እንዲያው አባባሉ ነው። ሽማግሌዎቹ አክስሉን እንደ በሬ ነው የመረመሩት። አንዱ ሆዱን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ከፊት አየ፣ ከኋላ አየ። አባ ታፈረ በከዘራቸው ነካ አድርገው «ጥርሱን አያችሁለት?» አሉ። ሰይድ ከልቡ ክዳኑን ከፍቶ ጥርሱን አሳያቸው። «ገና ጎረምሳ ነው» ብለው ፈረዱ።

«የኋላው ከተሰበረ የፊቱን ምን አስቀየረው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ መጠርጠር የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው። ሰይድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የፊቱና የኋላው ጥርስ ካልተስማማ፣ ጭቃ ውስጥ በአራቱም ጎማ ስትነጃት መኪናዋ ከራሷ ጋር ትጣላለች» አለኝ። ይኼ እውነት መሰለኝ። ግን እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ለጠማማ ሰው ይመቻል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስልህ። አዲሶቹ ከድሮዎቹ ይሰፋሉ። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ የሚያርፍበት ብረትም ቦታው አልገጠመም። ሰይድ የአዲሶቹን ብረት ቆርጦ ወደ ውስጥ አስጠግቶ በየደው። እማዬ ያን ቀን ምሳ ልታደርስ ሄዳ ብዙ ቆየች። ምን እንዳወራችው አላወቅኩም። ሲያልቅ መኪናዋ ጎማዎቿ ከጎንና ከጎን ወጣ ወጣ ብለው፣ አሮጊት የጎረምሳ ቡት አድርጋ የቆመች መሰለች።

እማዬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ውለታዎት አለብኝ» ስትላቸው ጋሼ ይግዛው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርወር አደረጉና፣ አባ ታፈረ ባሉበት፣ ጎረቤት በሞላበት፣ «ምን ውለታ አለው፣ መቀናጆ አይደለም እንዴ! ሞተሩና አካሉ የእናንተ በሬ፣ አክስሉ የኔ በሬ። አብረው ያርሳሉ» አሉ።

ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። እዚህ አገር መቀናጆ ሲባል ማን ይከራከራል? አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ተጣምሮ ያርሳል፣ በሬው ግን የየራሱ ነው። ሲፈልግ ያወጣል። አባ ታፈረ «ኧ?» አሉ፤ ተጮኸላቸው፤ «መልካም ነው፣ መልካም ነው» ብለው መረቁት።

እኔ ብቻ አልመረቅኩም። በሬ የሚጠመደው ከበሬ ጎን ነው። የጋሼ ይግዛው በሬ ግን የገባው ከእኛ በሬ ሥር ነው። ከጎን ያለው ቢወጣ ያንተ በሬ ቆሞ ይቀራል፤ ከሥር ያለው ሲወጣ ግን ላይ ያለው ይወድቃል። ይኼንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ይቺ ምላሳም!» አሉ ጋሼ ይግዛው። «ትምህርት ቤት የሚያስተምሩሽ ይኼን ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ይኼን ያስተማረኝ አባቴ ነው» አልኳቸው። አላስተማርከኝም፣ አውቃለሁ። ግን ስምህ ሲጠራ ዝም ይላሉ፤ እኔም በስምህ እየተጠቀምኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከእሳቸው አላነሣሁም። ድሮ «የወንድሜ መኪና» ይሏት ነበር። ከዚያ «መኪናችን» ሆነች። ማታ ግቢያችን ማቆሙ ቀረና «ጠዋት ከቁሐር ስለምነሣ» እያሉ ከራሳቸው ደጅ ማሳደር ጀመሩ። ከኋላ ያጻፍከውን «ቀስ በል» የሚለውን ቀለም ቀቡበት፤ ዝገት በልቶት ነው አሉ። የበኩር ልጃቸው ሙሉ በድንገት መንጃ ፈቃድ አወጣ። አባዬ፣ ሙሉ ብስክሌት ሲነዳ እንኳ አጥር ውስጥ የሚገባ ልጅ አይደለም እንዴ? መኪና የሌለው ቤት መንጃ ፈቃድ ምን ያደርግለታል? ነገሩ ሁሉ ሸተተኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኝ ነበር፤ የድሮዎቹ አክስሎች። እነሱ እስካሉ ጋሼ ይግዛው በሬያቸውን ቢያወጡም የኛን መልሰን እንገጥማለን። ከትምህርት ቤት ስመለስ በጋራዡ በኩል እያለፍኩ፣ ጥግ ላይ ተደራርበው መተኛታቸውን አይቼ እገባ ነበር። አንድ ቀን ሳልፍ የሉም። የተኙበት ቦታ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ እነሱ ግን የሉም።

«ሰይድ፣ የኛ አክስሎች የት ሄዱ?»

«ብረት ነው፤ ብረት ይሄዳል» አለና ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሰይድ ዋሽቶ ሲያበቃ ጣሪያ እንደሚያይ የነገርከኝ አንተ ነህ። ይኼንን ግን በእውነት ነግረኸኛል።

የሠፈራችን የአሮጌ አክስል መጨረሻ ጋሪ ነው። ጋሼ ይግዛው ለጋሪ ሠሪ ሸጠውብናል ብዬ ደመደምኩ። ገበያ ቀን ወጣሁና የወረታን ጋሪ በሙሉ ከሥር መመርመር ጀመርኩ። ጎንበስ እላለሁ፣ አያለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ፈረሶቹ ታገሡኝ፤ ባለ ጋሪዎቹ ግን አልታገሡም። አንዱ አለንጋውን ይዞ «አንቺ ልጅ፣ ምን ጠፋብሽ ከፈረሴ ሥር?» አለኝ። «የአባቴ መኪና እግር» አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ሳቁን ትቶ ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ፈለገ። አንድ ጊዜ ከቁሐር ከነታመመች ሚስቱ አምጥተኸው እንደነበር ነገረኝ። አላገኘንም። ቤት ስገባ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። «እሺ» አለች። በዚያ ዓመት የእማዬ ቃል «እሺ» ብቻ ነበር። ጋሼ ይግዛው አክስል ልቀይር ሲሉ እሺ፣ መኪናዋ ከኔ ደጅ ትደር ሲሉ እሺ። ኀዘን ልቧን ወስዶታል ብዬ አዝኜላት፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው የሩዝ ጭድ ክምር ላይ ወጥቼ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ አለቀስኩ።

ሙት ዓመትህ በተዘከረ ማግስት ዘመድ ገና አልተበተነም ነበር። ጋሼ ይግዛው ይኼን ቀን ጠብቀው ኖሯል። መኪናዋን እየነዱ መጡና ግቢያችን መሀል አቆሟት፤ ሰይድንም አስጠርተውት ነበር። አባ ታፈረን ከመሀል አስቀምጠው ተነሥተው ቆሙና ሦስት ጊዜ ሳሉ። እኔና አንተ የምናውቀው፣ ነገር ሊያመጡ ሲሉ የሚስሉት ሳል።

«እንግዲህ መቀናጆው ዓመት አይሞላ እንጂ ሠርቷል» አሉ። «እኔ አሁን በሬዬን ማውጣት እፈልጋለሁ። ልጄም ደርሷል፣ ሥራ ይፈልጋል። እናንተ በሬ ካላችሁ አቀናጁ። ከሌላችሁ ደግሞ ሞተርና አካል ብቻውን ምን ያደርግላችኋል? ዶሮ ማደሪያ ነው። ለኔ ልቀቁልኝና ለልጆቹ የሚገባውን ሽማግሌ ይቁረጥ።»

አየህ? ከሥር ገብቶ መውጣት ማለት ይኼ ነው። ነገሩ ግን በሕጉ ነው፤ በሬውን የሚያወጣን ሰው ማን ይከለክላል? ልናገር አፌን ስከፍት እማዬ በክርኗ ጎኔን ነካችኝ።

«እሺ» አለች። «ያውጡ።»

«ኧ?» አሉ አባ ታፈረ።

«ያውጡ ነው ያልኩት!» ብላ ጮኸችላቸው። ድምፅዋን እንዲህ ከሰማሁ ዓመቴ ነው። «በሬዎትን ያውጡ ጋሼ። እኔም በሬ አለኝ።» ከዚያ መንሹን ከግድግዳው አነሣችና ያን የምቀመጥበትን፣ የቤት ሥራ የምሠራበትን፣ የማለቅስበትን የጭድ ክምር መበተን ጀመረች። ከሥሩ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ያንተ አክስሎች ወጡ። የኋላው ጥርስ ተጠግኖለታል። ሰይድ ጣሪያ ስላልነበረ ሰማዩን ማየት ጀመረ።

ለካ እማዬ «መቀናጆ» የሚለው ቃል ከጋሼ ይግዛው አፍ ከመውጣቱም በፊት ከኔ የበለጠ ጠርጥራለች። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ በጋሪ አስመጥታ፣ ጭድ አልብሳ፣ ሰይድን ጥርሱን ከሌላ አሮጌ አምጥቶ እንዲገጥምላት ለምናው፣ እኔን ደግሞ ላዩ ላይ አስቀምጣኛለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «ምላስሽን አውቀዋለሁ» አለችኝ። አባዬ፣ ያን ጊዜ ተናደድኩም፣ ኮራሁም።

ጋሼ ይግዛው ማመን አቃታቸው። እልህ ያዛቸውና «ይፈታ!» አሉ። ሰይድ ክሪኩን አምጥቶ መኪናዋን አነሣት፤ ሆዷን በባሕር ዛፍ ግንድ ደግፎ አዲሶቹን አክስሎች ጎትቶ አወጣቸው። እዚህ ላይ ነው ሌላው ነገር የታየው። ሰይድ ሲገጥም የቆረጠውና የበየደው የአዲሶቹን አክስሎች ብረት ነው፤ ከመኪናችን አንዲት ነገር አልነካም። ያን ቀን እማዬ ምሳ ይዛ ሄዳ የቆየችው ይኼን ልታስምለው ኖሯል። የጋሼ ይግዛው አክስሎች በኛ መኪና ልክ ተሰፍተዋል፤ ለሌላ መኪና አይሆኑም። አንድ ሽማግሌ ተጠግቶ አየና «ይግዛው፣ በሬህን እኮ ራስህ ቀንዱን ቆርጠኸዋል» አላቸው። የሳቀ አልነበረም። እኔም አልሳቅኩም።

ያልሳቅኩት መኪናዋን ስላየሁ ነው። እግር የላትም። በግንድ ላይ ተኝታለች። አንተም መጨረሻ ላይ እግርህ አልታዘዝ ብሎህ፣ በትራስ ተደግፈህ «ነገ እነሣለሁ» ስትል እንዲህ ነበርክ። ቀና ስል ጋሼ ይግዛውም ያየሁትን ነው ያዩት መሰለኝ። ኩታቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እንባቸውን ጠረጠርኩት። ለአክስሉ ነው፣ ለእፍረቱ ነው ወይስ ላንተ? ተጠግቼ ላይ ፈለግኩ፣ እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው ወጥተው ሄዱ። አክስላቸውንም አልወሰዱም።

እስከ ዛሬ እዚያው አጥር ጥግ ነው ያለው፤ ዶሮዎቹ ይሰፍሩበታል። ጋሼ ይግዛው አንዳንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «በሬዬን ልየው» ብለው ይገባሉ። አያዩትም። ይቀመጣሉ፣ ስላንተ የልጅነት ነገር ለትንሹ ያወሩለታል፣ ምሳ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። አሁንም አላምናቸውም፤ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ እንዳያዩ እጠብቃለሁ። ወንበር ግን እለቅላቸዋለሁ። ሙሉን ደግሞ እማዬ ሹፌር አድርጋ ቀጠረችው። መንጃ ፈቃዱ ሥራ አገኘ፤ አለቃው ግን እማዬ ናት፤ ማታ ማታ ቁልፉን በሁለት እጁ ያስረክባል። ሲነዳ አጠገቡ እቀመጥና አጥር ባየሁ ቁጥር እጮህበታለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፤ የጻፍኩልህም ለዚህ ነው።

ያን ቀን ሰይድ ያንተን አክስሎች ገጥሞ ሲጨርስ መሽቶ ነበር። «እስከ አስፓልቱ ልሞክራት» ብሎ ይዟት ወጣ። እኔ እቃ እያጠብኩ ነበር። ከሩቅ፣ ከመገንጠያው በኩል፣ አንተ ማታ ስትመጣ የምንሰማው ያ ድምፅ መጣ። ያ የኋላው አክስል ቀጭን ፉጨት፤ ፍጥነት ሲጨምር ከፍ የሚል፣ ወደኛ ሰፈር ሲታጠፍ ዝቅ የሚል። በአዲሶቹ አክስሎች ጊዜ መኪናዋ ድምፅ አልነበራትም። እጄ ሳሙና እንደሆነ ሮጬ ሄጄ የግቢውን በር ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ትንሹ ከውስጥ «መጣ!» እያለ ወጣ። እማዬም ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ሻሿን እያስተካከለች ነበር። መብራቱ ገባ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ በሩ ተከፈተና ሰይድ ወረደ።

ሦስታችንም ምን እያደረግን እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባን። ማንም ማንንም አላየም።

ሰይድ ምን ያውቃል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ ይቺ ፉጨት ብቻ ናት። ጎማው ከሚሽከረከርበት ከኩሽኔታው ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ግን ነገ ልቀይረውና ድምፁ ይጥፋ» አለ።

እኔና እማዬ እኩል «ተወው!» አልነው።

አባዬ፣ ‹አልረሳህም› የሚል ሰው ያጠራጥረኛል፤ ለቅሶህ ላይ ያሉት ብዙዎቹ አሁን ስምህን ከወንድምህ ስም ጋር ያምታቱታል። ራሴንም አላምነውም። ፊትህ ከፎቶህ ጋር መቀላቀል ጀምሮብኛል። ስለዚህ ትልቅ ቃል አልገባልህም። ኩሽኔታው አንድ ቀን ያልቃል፣ መቀየሩም አይቀርም። እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነካው እጠብቀዋለሁ። በተቀየረ ማታም መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ስትመጣ፣ ተነሥቼ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ክንፍ፣ ወለል አድርጌ።

ምላሳሟ ልጅህ